ሁዳዴ የጾመው ፍሪጅ

ፍሪጅ ሲጾም አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ያን ጊዜ ቢቸና አልነበራችሁም ማለት ነው። እኔ አይቻለሁ። ሥጋውንም ቅቤውንም ትቶ፣ እሳቱን አጥፍቶ፣ ነጭ ዳንቴል ተከናንቦ፣ ከቅበላ ማግስት ጀምሮ በእሜቴ ተዋበች እልፍኝ ውስጥ ተጎልቶ ነበር። የሰፈሩ ወይዛዝርት ሊጠይቁ ሲመጡ እሜቴ በአገጫቸው እየጠቆሙ «እሱም እንደኛው ይዟል» ይሏቸዋል። ሴቶቹም «አይ እርስዎ! ዕቃዎ እንኳ ክርስቲያን ሆነ!» እያሉ ያደንቃሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ ወለል ወለሉን አያለሁ። እውነቱን ከእሜቴ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እውነት መናገር ደግሞ ለገረድ ከሚሰፈርላት ቀለብ ውስጥ አልነበረም።

ስሜ አስረበብ ነው። የተወለድኩት ሞጣ ነው። አጎቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ከዚያ በላይ «ለሴት ልጅ ይበቃታል» ተባለና ቀረ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ባሌ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ገደለው። ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ይዤ ቀረሁና፣ ካርታ ሊሠራ ሞጣ ለመጣ አንድ ፈረንጅ ተቀጠርኩ። ስሙ አፋችን ላይ አልገባ ስላለ ሁላችንም «ሚስተር» እንለው ነበር። ሚስተር ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲለካ ይውልና ሲመለስ የሚመኘው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። ለዚያ ውሃ ሲል በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ በጭነት መኪና አስመጣ።

ከሥሩ ላምባ የሚሞላበት ዕቃ አለ፤ ክር አለው፤ ክሩ ይለኮሳል። «በእሳት እንዴት ይበርዳል?» ብዬ ብጠይቀው እጄን ይዞ ከኋላው ካሉት ቧንቧዎች አስጠጋኝ። ይፋጃል። ከዚያ በሩን ከፍቶ ውስጡን አስነካኝ። በረዶ! በሰባራ አማርኛው «ሙቀት ከዚህ ተሸከመ፣ እዚያ ጣለ» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሪጅ ለካ ብርድ አይሠራም፤ ሙቀትን ከሆዱ እያወጣ በጀርባው የሚጥል ሸክመኛ ነው። ሸክመኛ ደግሞ መንገድ ከዘጋችሁበት አይሄድም። ጀርባው ከግድግዳ ካልራቀ ይታፈናል። እሳቱ ሰማያዊና ትንሽ ካልሆነ ያጨሳል፣ ጥላሸቱ ጭስ ማውጫውን ይደፍናል። ከሁሉ በላይ ግን ፍሪጅ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ትንሽ ካዘነበለ ሆዱ ውስጥ የሚዞረው ነገር መዞር ያቆማል። ሚስተር አናቱ ላይ አፍ እስካፉ የተሞላ ብርጭቆ ያስቀምጥና ውሃው በየት በኩል እንደሚፈስ ያያል፤ በፈሰሰበት በኩል ከሥሩ ገል ይሸጉጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፍሪጁ በጎኑ ተጭኖ ስለመጣ በመጀመሪያው ቀን አልበርድም ብሎ ነበር። ሚስተር አራት ሰው ጠርቶ በአናቱ አቆመው። ግማሽ ቀን እንደዚያ አቆይቶ ሲመልሰው ሠራ። እኛ ግን ሰውየው ፀሐይ መትቶታል ብለን ጓዳ ገብተን ስቀንበታል።

ሚስተር አገሩ ሲገባ ፍሪጁን የቢቸናው ፊታውራሪ፣ የእሜቴ ተዋበች ባል፣ ገዙት። ከትርፍ ክሩና ከላምባው ጋር እኔም ተጨመርኩ። ላም ስትሸጥ ጥጃዋ እንደምትከተለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጥጃዋ ትጠባለች።

እዚያ ቤት አራት ዓመት ስኖር አንድም ቀን ሳልፈራ ውዬ አላውቅም። እሜቴን እፈራለሁ፣ የእሜቴን ጫማ ኮቴ እፈራለሁ፣ ጸጥ ሲሉ ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ ግን እናትም ሆኜ ፈሪ ነበርኩ።

የዚያ ዓመት ቅበላ ሲደርስ እሜቴ ፍሪጁን እንግዳ እንዲያይላቸው ከጓዳ አስወጥተው ከመቀመጫቸው ጎን ግድግዳ አስደገፉት። የእልፍኙ ወለል ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ዙሪያውን ዳንቴል አለበሱት፣ ጀርባውን በስጋጃ አፈኑት፣ አናቱ ላይ የጃንሆይን ፎቶግራፍ አቆሙበት።

«እሜቴ፣ አዘንብሏል። ጀርባውም ታፍኗል...» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«ጀርባ ጀርባ አትበይብኝ! እንግዳ የሚያየው ፊቱን ነው!»

ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን የቅበላው ሥጋ ሸተተ፤ እንግዶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን እየሸፈኑ ወጡ። እሜቴ እኔን በጥፊ፣ ፍሪጁን በእርግጫ አሉና በማግስቱ «ጾም ይዟል» የሚለውን አዋጅ አወጁ። ፊታውራሪ በመሬት ክርክር ደብረ ማርቆስ ስለነበሩ የሚጠይቅ አልነበረም። የጾመኛው ሆድም የእሜቴ ከፋይ ቀሚሶችና የፊታውራሪ ካባ ማስቀመጫ ሆነ። ቁልፉ እሜቴ አንገት ላይ ዋለ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጄ ዘርፌ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ግቢ ውስጥ ከተሰጣ ገብስ ላይ ዶሮ ታባርራለች። የእሜቴ ውሻ መብረቅ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልቀምስ ብሎ ጥላ ሥር ተኝቶ ሰንብቷል። ድንገት ተነሳ። ሳይጮህ፣ ጅራቱን ቀብሮ፣ ለሐጩን እያዝረበረበ በቀጥታ ሄደና የልጄን ክንድ ያዘው። መቆስቆሻ ይዤ ስደርስ ለቀቃትና አጥር ጥሶ ወጣ። ከቀትር በኋላ አህያ ነክሶ ሰዎች በድንጋይ ገደሉት።

እሜቴ ከእልፍኝ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው ይኸ ሁሉ ጩኸት?»

«እሜቴ፣ መብረቅ አብዷል! ልጄን ነከሳት!»

«አፍሽን ያዢ! የፊታውራሪ ውሻ አያብድም። ጠምቶት ነው።»

እብደት ማዕረግ አይቶ ከበር የሚመለስ ይመስል! «ጠምቶት» የምትለዋ ቃል ግን አንድ የድሮ ነገር አስታወሰችኝ። ሞጣ እያለሁ ያበደ ውሻ የነከሰው ጎረቤታችን ሲሞት አይቻለሁ። እሱም ጠምቶት ነበር። ውሃ ሲያቀርቡለት ግን ጉሮሮው ይታነቅና ዓይኑ ፈጦ ከዋንጫው ይሸሻል። አራት ጎልማሳ ይዞት ነው ነፍሱ የወጣችው።

ልጄን አዝዬ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ድሬሰሩ፣ ማለትም ቁስል አጣቢው፣ አቶ ሰይድ ይባላል፤ ከወሎ ተመድቦ የመጣ እስላም ነው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ሲለው «ኧረ ድሬሰር ነኝ» እያለ ዘወትር ይከራከራል፤ አንድም ሰው ሰምቶት አያውቅም። የዘርፌን ክንድ በሳሙናና በውሃ ሲያጥብ፣ ሲያጥብ፣ ሲያጥብ ቆየ።

«አስረበብ እህቴ፣ አልዋሽሽም» አለኝ። «በሽታው አንዴ ከተነሳ መድኃኒት የለውም። ሳይነሳ ግን ይቀደማል። አሥራ አራት ቀን ሆዷ ላይ መወጋት አለባት። መድኃኒቱ እኔ ዘንድ የለም።»

ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ መኪና ደብዳቤ ሰደደ። ረቡዕን ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። በየሰዓቱ «ዘርፌ፣ ውሃ ጠጪ» እላታለሁ። ስትጠጣ ጉሮሮዋን አያለሁ። ሆዷ እስኪነፋ አጠጣኋት።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። ሹፌሩ አንድ ፔርሙዝ አወረደ፤ ውስጡ አሥራ አራት ብልቃጥ፣ በሟሟ በረዶ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሰይድ አንዷን ከፍቶ ለዘርፌ የመጀመሪያውን ወጋት። ጮኸች፤ እኔም አብሬያት ጮህኩ፤ የእኔው ይበልጥ ነበር። ከዚያ ጣቱን ፔርሙዙ ውስጥ ነክሮ ፊቱ ተለወጠ።

«በረዶው አልቋል። ይኸ መድኃኒት ሙቀት ካገኘው ውሃ ነው። ውሃ ነው የምወጋት ማለት ነው። ሞጣ ጤና ጣቢያ ፍሪጅ አለ፤ ግን በበቅሎ ሁለት ቀን ነው፣ በዚህ ፀሐይ መንገድ ላይ ይበስላል። እዚህ ያለው የእናንተ ቤት ፍሪጅ ብቻ ነው።»

«እሱ እኮ...» አልኩ። ምን ልበል? ጾም ይዟል?

«እሱ ምን?»

«ባለቤቱን፣ እሜቴን እንጠይቅ» አልኩት።

ሰይድ ብልቃጦቹን አፈር ገንቦ ውስጥ አደረጋቸው፣ ገንቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። «ለዛሬና ለነገ ይይዝልናል፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለ። ገንቦውን እኔ ተሸከምኩ። ዘርፌ ሆዷን ይዛ እያነከሰች ተከተለችን።

እሜቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የነፍስ አባታቸው መምሬ አላምረው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ ተነጥፎ፣ መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። ሰይድ እጅ ነስቶ የመጣበትን ተናገረ።

«ወዮልኝ!» አሉ እሜቴ። «በሁዳዴ? ጾም የያዘ ዕቃ?»

«ለሕይወት ነው እሜቴ። ደግሞ መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይደለም።»

«ከምንድን ነው የሚሠራው?»

ሰይድ መዋሸት አያውቅም። አንዳንድ ጊዜ ባወቀ ያሰኛል። «ከበግ አንጎል ነው» አለ።

«ሰሙልኝ አባቴ? የበግ አንጎል! በዓርብ ቀን! የእስላም ሰው አምጥቶት!»

መምሬ አላምረው መቁጠሪያቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ በአፍ ነው የሚገባው?» ሲሉ ሰይድን ጠየቁት።

«የለም አባቴ፤ በመርፌ፣ በሆድ ቆዳ ነው።»

«ጥርስ ካላኘከው፣ ምላስ ካልቀመሰው፣ አይገድፍም። ይልቅስ የልጅቱን ነፍስ መከልከል ይገድፋል። ይግባ።»

እኔ መሬት ስሜ ላመሰግናቸው ጎንበስ ስል እሜቴ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ፍሪጁ ሲያዩ አየሁ። ገባኝ። አሁን ፍሪጁ ከተለኮሰ አይበርድም። ካልበረደ «ጾመኛው» ሬሳ መሆኑ መምሬ ፊት፣ በማግስቱም ቢቸና ሁሉ ፊት ይገለጣል። ከዚያም በላይ መድኃኒቱን ከተቀበሉ ውሻቸው ማበዱን ተቀበሉ ማለት ነው። የፊታውራሪ ውሻ!

«እኔ ስለት ገብቼበታለሁ» አሉ። «እስከ ትንሣኤ አይነካም። አበቃ።»

ዘርፌ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። «ውሃ ልስጥሽ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አልጠማኝም» አለች።

እናንተ ሰዎች፣ ያቺን «አልጠማኝም» የሰማ እሜቴንም፣ ፊታውራሪንም፣ ንጉሥንም አይፈራም። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ። «ውሸት ነው! አይጾምም! ፍሪጁ ታሟል!»

ወደ መምሬ ዞርኩ።

«ዘንበል ተደርጎ ስለተለኮሰ ነው የሞተው አባቴ። የቅበላው ሥጋ የሸተተው ለዚያ ነው። ሰው ጠርተን በአናቱ እናቁመው። ግማሽ ቀን እንደዚያ ከቆየ ይድናል። ፈረንጁ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በአናቱ!» እሜቴ ብድግ አሉ። «የጌታዬን ቤት ዕቃ በጭንቅላቱ ልታቆሚ? ዕቃ የሚዘቀዘቀው ጌታ ሲሞት ነው! ሰውዬው ደብረ ማርቆስ ክርክር ላይ ተቀምጦ አንቺ እዚህ ሟርት ታሟርቺበታለሽ? ውጪልኝ! ሁላችሁም ውጡ!»

እጃቸውን ሲያወናጭፉ ነጠላቸው ተንሸራተተ። ሰይድ ዓይኑን ተከለ። «እሜቴ፣ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው የታሰረው?»

«ቢላዋ ነው።»

ቢላዋ! እዚያ ቤት በኖርኩበት አራት ዓመት እሜቴ ቢላዋ ሲይዙ ቀርቶ ቢላዋ ያለበት ክፍል ሲገቡ አላየሁም።

«መቼ?»

«ሰኞ ነው መሰለኝ። ምን አገባህ?»

ሰኞ። መብረቅ ምግብ አልበላም ባለ በሁለተኛው ቀን። ቁራሽ በእጃቸው ሊያጎርሱት ጥላው ሥር ጎንበስ ብለው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ግን አልተናገርኩም። መምሬ አላምረው ቀና ብለው አዩአቸው።

«ተዋበች፣ ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለነፍስ አባትና ለሐኪም አይዋሽም። ነከሰሽ ወይስ አልነከሰሽም?»

የእሜቴ ፊት እንደ አመድ ሆነ። «ጫር... ጫር ነው ያደረገኝ። በጥርሱ። ትንሽ።» ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረው፣ በዚያ እልፍኝ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «ጌታው፣ ይኸ ትንሽ... እሱም ይቆጠራል?» አሉት።

«ይቆጠራል እሜቴ።»

ትንፋሽ እስክትወስዱ እንኳ አልቆየም። «ዘቅዝቁት!» ብለው ጮኹ። «ምን ተገትራችሁ ታዩኛላችሁ? ሰው የለም እንዴ በዚህ ቤት? ዘቅዝቁት እላለሁ!»

ስለቱ ወዴት ሄደ? ሟርቱስ? ጌታው ደብረ ማርቆስ አልነበሩም እንዴ? የእሜቴ ደግነት እንደዚህ ነው፤ ከራሳቸው ጣት ጫፍ ተነሥቶ እዚያው ጣት ጫፍ ላይ ያልቃል።

መጀመሪያ ግን «አሁኑኑ ውጋኝ» አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ተወጉ። ዘርፌ የጮኸችውን አንድ ጩኸት እሳቸው በሰባት አባዙት። ሰይድ ወጥቶ ለእኔ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለልጅ ግማሹ ይበቃታል። በሚመጣው ዓርብ ሌላ ይመጣል። እስከዚያ ያለው ለሁለቱም ይበቃል። ካልተበላሸ።» ወደ ገንቦው አየ። «ሁሉም ባንቺ እጅ ነው።»

በኔ እጅ! ቁልፉን ከእሜቴ አንገት ተቀብዬ ከፈትኩ። ከፋይ ቀሚሶቹን፣ ካባውን፣ አንድ ጥንድ የፊታውራሪ ጫማ ከፍሪጁ ሆድ አወጣሁ። ዳንቴሉን ገፈፍኩ። የላምባውን ዕቃ መዝዤ አስቀመጥኩ። የጃንሆይ ፎቶግራፍ መሬት እንዳይነካ መምሬ አላምረው ተቀበሉኝ፤ የሚያሳርፉበት ክብር ያለው ቦታ ስላጡ ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ዋሉ። ቀጥሎ አራት ሎሌዎች ፍሪጁን ተሸክመው ገለበጡት። ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር «ጉ-ጉ-ጉር» ብሎ ወረደ።

«ነፍስ አለው!» ብለው እሜቴ ወደ መደባቸው ዘለሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንደዚያው ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንቦውን በር ላይ፣ ንፋስ ባለበት ጥላ ሥር አስቀምጬ ጨርቁን አርሳለሁ፤ ከደረቀ አርሳለሁ፤ እጄን እያስገባሁ ብልቃጦቹን እዳብሳለሁ። ለብ ያለ ይመስለኛል፤ የእኔው እጅ ትኩሳት ይሆናል እላለሁ። ዘርፌ ከጎኔ ተኝታለች። ውሃ ብሰጣት ፊቷን አዞረች።

«ለምንድን ነው የማትጠጪው? ጉሮሮሽን ያምሻል? ንገሪኝ!»

«ሆዴን ነው የሚያመኝ እማዬ። ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው እኮ የምታጠጪኝ።»

እንግዲህ ሳቁ። እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ፍሪጁን አቃናነው፤ ግን አሁን ጓዳ ውስጥ፣ ከግድግዳ ክንድ አርቀን። አናቱ ላይ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ውሃው በቀኝ በኩል ፈሰሰ። ገል ሸጎጥኩ። ወደ ፊት ፈሰሰ። ሌላ ሸጎጥኩ። ሎሌዎቹ «አስረበብ ፍሪጅ ልታስቀድስ ነው» እያሉ ይሳለቃሉ። ብርጭቆው ጸጥ እስኪል አልተነሳሁም። ጭስ ማውጫውን ጠረግኩ፣ ክሩን ቆርጬ አስተካከልኩ፣ ላምባ ሞላሁ፣ ክብሪት ጫርኩ። እሳቱን እንደ ባቄላ አበባ ሰማያዊና ትንሽ እስኪሆን ዝቅ አደረግኩት።

እሜቴ ከኋላዬ መጡ። «ይቺ ናት እሳት? ላምባ ለማን ነው የምትሰስችው? ጨምሪበት!»

«እሳት ሲበዛ አይበርድም እሜቴ፣ ያጨሳል።»

«እሳት ሲያንስ ነው የሚሠራው እያልሽ ታስተምሪኛለሽ? ኃይል ይፈልጋል! ሕይወቴ ነው እኮ ያለው!» ጎንበስ ብለው ክሩን ሊያወጡ እጃቸውን ዘረጉ። እሳቱ ቀልቶ ዘለለ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ።

እጃቸውን በጥፊ መታሁት። «ጧ!» ሲል ሎሌዎቹም ሰሙ። «እጅዎን ያንሱ! ጀርባው እንዲሞቅ እንጂ እንዲቃጠል አይደለም! ዳንቴል የሚያለብሰውም እጁ ይሰበር!»

የመጨረሻዋ ባትኖርም ይችል ነበር። ግን ወጣች።

እሜቴ ቀና አሉ። የሚመቱኝ መስሎኝ ጉንጬን አዘጋጀሁ። አልመቱኝም። ፍሪጁን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወጥተው ሄዱ። ገረድ መትታቸው ዝም ያሉት ከትዕግሥት አይደለም። ሌላ ፍሪጅ የምታውቅ ገረድ ቢቸና ውስጥ አልነበረችም።

ሲነጋ ጓዳ ገባሁ። መጀመሪያ ጀርባውን ነካሁ፤ ትኩስ ነው። እጄ በር መክፈቻው ላይ ቆየ። ከፈትኩ። ከላይ በኩል ያለው ብረት ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ተነጥፏል። ጣቴን አስጠጋሁ፤ ብርዱ ያዘኝ፣ ቆዳዬን አልለቅ አለ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። ከዚያ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ደረደርኳቸው።

ሰይድ በየጠዋቱ ይመጣል። መደቡ ላይ እሜቴና ልጄ ሆዳቸውን ገልጠው ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ አንደኛዋ በሐር ቀሚስ፣ ሌላዋ በአቡጀዲ። መርፌው አንድ ነበር፤ ሰይድ ለሁለተኛዋ ሳይቀቅል አይወጋም፤ እሜቴ ይኸን ሲያዩ «ለእኔ ሁለቴ ቀቅልልኝ» ይሉታል። ስድስተኛው ቀን ላይ ዘርፌ መጮህ ተወች። እሜቴ እስከ አሥራ አራተኛው አልተዉም። አንድ ቀን ልጄ «እሜቴ፣ ሲወጉ ወደ ጣሪያው ይዩ፣ ያኔ አያምም» አለቻቸው። እሜቴም ወደ ጣሪያው አዩ። በነጋታው ግን «የገረድ ልጅ አፍ አወጣች» ብለው ከሰሷት።

ክትባቱ ሲያልቅ ቢቸና ምን ብላ እንዳወራች ታውቃላችሁ? «እሜቴ ተዋበች ለአንዲት ድሃ ልጅ ብለው የፍሪጃቸውን ጾም አስፈቱ።» መንገድ ላይ የምታገኘኝ ሁሉ «እመቤትሽ ጻድቅ ናቸው» ትለኛለች። መምሬ አላምረውን ባየኋቸው ቁጥር ሰማይ ሰማይ ያያሉ። በትንሣኤ ማግስትም ጻድቋ «በእኔ ላይ እጇን ያነሳች እንጀራዬን አትበላም» ብለው አባረሩኝ። ፍሪጁን መልሰው እልፍኝ አስገቡት፣ ዳንቴሉን አለበሱት። ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ሙሉ ሁዳዴ ሆነበት ይባላል።

እኔ? ሰይድ ጤና ጣቢያ አስቀጠረኝ። መንግሥት አንድ ፍሪጅ ሲልክ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ጀርባዋን ከግድግዳ አርቄ፣ አናቷን በብርጭቆ ለክቼ አቆምኳት። አንድ ሹም መጥቶ «ይኸ ውሃ አናቷ ላይ ምን ይሠራል? አንሺው!» ቢለኝ «እርስዎ ይነሱ እንጂ እሱ አይነሳም» አልኩት። ያኔም ፈርቼ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ድፍረት አላገኘሁም፤ የምፈራውን ነው የመረጥኩት። ከዚያ በፊት ሁሉንም በእኩል እፈራ ነበር፤ የእሜቴን ኮቴም የልጄን ሞትም። ሁሉን በእኩል የሚፈራ ሰው ደግሞ ለጌታ ምቹ ነው። የምታውቁትን ነገር የማያውቅ ሰው ዳንቴል ሲያለብሰው ዝም አትበሉ። እኔ በቅበላ ዝም ባልል ኖሮ ፍሪጁ አይሞትም ነበር። ልጄ የተረፈችው በእሜቴ ጣት ነው፤ ያቺ ጣት ባትነከስ ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ሌላ ታሪክ ነበር። ይኸን ሳስብ አሁንም ይበርደኛል።

ሰይድ «ወራት ካለፈ አትስጊ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሰጋሁ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ክረምቱን ሁሉ፣ ዋንጫ ባነሳች ቁጥር ጉሮሮዋን አያለሁ። ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች በበረከቱ ሊጠመቁ ልብሳቸውን እየጣሉ ወጡ። ዘርፌም ከእጄ አምልጣ ወጣች። አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ የሚወርደውን ትውጠዋለች፣ ኩሬው ውስጥ ትንደባለላለች፣ በእፍኟ እየቀዳች ትጠጣለች። እኔ በር ላይ ቆሜ እንደ እብድ ስጮህ ራሴን ሰማሁት።

«ነይ ግቢ! አንቺ ልጅ! ብርድ ይመታሻል!»